ከአጋዘን ሥጋ ሥር የከረሙ ፊደላት

ሃርላን ፎርክ፣ ሚዙሪ
ኤፕሪል 9 ቀን 1996

ለእናቴ እህት ልጅ፣ ለኮሪን፦

ባሕሩን ተሻግሮ የሚደርስ ሰላምታ ካለ የእኔ ይቅደም። እንዴት ከርመሻል እህቴ? የባልሽ የግሌን ወገብ ተሻለው? ወንጌል የምታደርሱበት ታይላንድ አሁንም እንደ ምድጃ ነው? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ከዴል ጉልበትና ከእኔ ምላስ በቀር የሚያስቸግረን የለም።

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ታንሲ የእኛ ሆነች! ዐሥራ አራት ወር በአደራ ያሳደግናትን ልጅ ባለፈው ዐርብ ፍርድ ቤቱ በስማችን አጸደቀልን። ዳኛው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ «ሚስስ ክራውስ፣ ይህችን ልጅ እንደ አብራክሽ ክፋይ ለማሳደግ ፈቃደኛ ነሽ?» ሲለኝ፣ አዎ የምትለዋ ቃል ጠፋችኝና «ጌታዬ፣ የክረምት ጫማዋን እኮ ገዝቻለሁ» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዴል ግን አልሳቀም፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያለቅስ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንባውን ሳይ ሁለተኛዬ ነው፤ የፊተኛው ውሻው የሞተች ቀን ነው።

አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ አልሰዳትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ስጠኝ ብዬ የለመንኩ ሴት፣ ሲሰጠኝ ለትምህርት ቤቱ ቢጫ አውቶቡስ አላስረክብም። ቃሉንም ፊደሉንም እዚሁ ጉልበቴ ሥር ትማራለች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማዕድ ላይ ለፓስተራችን ሚስት፣ ለእህት ኦፓል ብነግራት፣ «አንቺ? ልታስተምሪ?» አለችኝና ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ «ኮሪንን ጠይቂያት» አለች። ሁሉም እንደዚያው ነው። የኮሪን ልጆች እንዲህ፣ የኮሪን ልጆች እንዲያ። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ሰባኪ፣ አንዱ ድልድይ ሠሪ፣ ሁሉም ከእናታቸው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ተነሥተው! እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ አልገፋሁም፤ እሱንም ሒሳብ ላይ ተንጠልጥዬ ነው የጨረስኩት። ኦፓል ድንች ሰላጣዬን እንኳ ቀምሳ ያለችኝ «ኮሪን ሰናፍጭ ትጨምርበት ነበር» ነው።

ስለዚህ ይኸው ጠየቅሁሽ። በሜይ መጨረሻ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ እናቶች የመጻሕፍት ገበያ አለ። ሰዉ ስለ ሁለት ሥርዓተ ትምህርት ነው የሚያወራው። አንዱ «ሰማያዊው ሣጥን» ነው፤ መልመጃው፣ ጥቅሱ፣ የአስተማሪዋ መምሪያ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ ይመጣል። ሌላው «የመስክ መንገድ» የሚሉት ነው፤ ጥዋት ተረትና ጥቅስ፣ ከሰዓት ጫካ ለጫካ መዞር። የትኛውን ልያዝ?

ሴት ልጅሽ ፕሪሲላስ? ስፕሪንግፊልድ ከእኛ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ግን ካየኋት ዓመት አለፈኝ። ትንሹ ሲላስ ከታንሲ ጋር እኩያ አይደል? እሷስ በምን እያስተማረችው ነው?

የምትወድሽ፣
ቬልዳ

ቺያንግ ራይ፣ ታይላንድ
ሜይ 4 ቀን 1996

ውድ እህቴ ቬልዳ፣

ጸጋና ሰላም በቤትሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ በሃያ ሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። ስለ ልጅቷ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ግሌን ደህና ነው።

ሰማያዊውን ሣጥን ያዢ። አራቱም ልጆቼ የተማሩበት ነው። አስተማሪዋ የምትለው ነገር በደማቅ ቀለም ተጽፎልሻል፤ ከራስሽ መጨመር አያስፈልግሽም። ጥዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ጀምሩ። እርሳስ አያያዟ ላይ አትለሳለሺ፤ በአራት ዓመት የተጣመመ እጅ በዐሥር ዓመት አይቃናም።

በእጄ የሣልኳቸው የፊደል ካርዶች አሉኝ፤ ከፊት ፊደሉና እንስሳው፣ ከኋላ ጥቅሱ። በየሳምንቱ አንድ አንድ እልክላታለሁ። የመጀመሪያዋ ኤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለች። ለእሷ ስጫት።

ፎቶግራፏን ላኪልኝ።

በጌታ እህትሽ፣
ኮሪን

ሃርላን ፎርክ
ጁን 10 ቀን 1996

ለኮሪን፣ እንደ ጧት ጤዛ የለመለመ ሰላምታ ይድረስሽ!

ፎቶው ከውስጥ ነው። አፏ ዙሪያ ያለው ቆሻሻ አይደለም፣ የእንጆሪ ጭማቂ ነው፤ ደግሞ እንዳትጽፊልኝ።

ስለ ገበያው ላውራሽ። ወይ ጉድ! አዳራሹ የከብት ጨረታ የሚካሄድበት ነው፤ ሽታው አልለቀቀም። እናቶቹ ረጃጅም የጂንስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የመንገደኛ ሻንጣ በጎማ እየጎተቱ፣ ሕፃን አዝለው፣ ሕፃን አስከትለው! ዴልን ይዤው ሄጄ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ዞሮ «ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ለአራት ዓመት ልጅ ነው? እኔ ትራክተር ስፈታ የነበረኝ መምሪያ አንድ ገጽ ነው» ብሎኝ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የሰማያዊው ሣጥን ሻጭ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። «እመቤቴ፣ ስንት ልጆች አሉሽ?» አለኝ። «አንድ» ስለው፣ ሌሎቹን መኪና ማቆሚያው ላይ የጣልኳቸው ይመስል ከኋላዬ ፈለገ። መምሪያውን ከፈትኩት፤ እውነትም በደማቅ ቀለም «በዪ፦ ደህና አደራችሁ ልጆች» ይላል። ልደብቅሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። የምለው ነገር ተጽፎልኝ! ለእኔ ዓይነቷ ምን የመሰለ ነገር ነው። አቅፌው ልከፍል ስል ከኋላዬ የእህት ኦፓል ድምፅ «ጎበዝ! የኮሪን ሣጥን!» አለ።

እጄ ለቀቀው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ማዶ ከነበረች ጫማዋ ጭቃ ከነካው ቀጭን ሴት «የመስክ መንገድን»፣ ያገለገለውን፣ ጠርዙ የታኘከውን ገዛሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ኦፓል «ቬልዳ፣ ተሳሳትሽ እኮ» አለች። «አልተሳሳትኩም፣ ይሄኛው አየር አለው» አልኳት። አየር! ከየት እንዳመጣሁት።

ካርዶችሽ ከኤ እስከ ሲ ደርሰዋል። ኤ ላይ ያሉት ጉንዳኖች የሚንቀሳቀሱ ነው የሚመስሉት። ታንሲ ከቁርስ በፊት የፖስታው ሣጥን ጋ ሄዳ ትቆማለች። ፖስተኛው ሚስተር ድዊት እንዲያውም «ማዳም፣ ዛሬ የደረሰዎት የመብራት ክፍያ ብቻ ነው» እያለ ይቀልድባታል። ካርዶቹን ትራሷ ሥር አስገብታ ነው የምትተኛው። ባለፈው እሑድ እህት ኦፓል ጎንበስ ብላ «አንቺ ቆንጆ፣ አስተማሪሽ ማን ናት?» አለቻት። «አክስቴ ኮሪን!» አለች። ሳቅን። ሁላችንም ሳቅን።

ስለ ፕሪሲላ አልጻፍሽልኝም። ደብዳቤው ላይ ቦታ አንሶሽ ይሆናል።

ቬልዳ

ቺያንግ ራይ
ጁላይ 6 ቀን 1996

ለውዷ እህቴ፣

ቸርነቱ አይለያችሁ። ፎቶው ደረሰኝ። ግሌን መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ አስቀምጪው አለኝ፤ እኔ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩት።

በፎቶው ላይ ማንኪያውን በግራ እጇ ነው የያዘችው። ግራኝ ናት? ጸጉሯን የሚጎነጉንላት ማን ነው? ከእንስሶቹ የትኛውን ወደደች? ጎሹን ነው ወይስ ድመቷን? ማታ ስትተኛ የትኛውን ነው የምትይዘው? ካሴት ላይ ድምጿን ቅጂልኝ፤ ፊደላቱን ስትጠራ። አጭርም ቢሆን ይበቃኛል።

«የመስክ መንገድን» መረጥሽ። እንግዲህ እናቷ አንቺ ነሽ።

ኮሪን

ሃርላን ፎርክ
ኦገስት 9 ቀን 1996
(ተጽፎ ሳይላክ በመሳቢያ የቀረ)

ኮሪን፣

ሰላምታ አላበዛም፤ ሆዴ ሞልቷል።

ሰኞ ትምህርት ጀመርን። ስንት ነገር አስቤ ነበር መሰለሽ! ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሠራሁ፤ ዴል የወንበሩን እግር አሳጠረላት፤ «የታንሲ የመጀመሪያ ቀን» ብዬ በጠመኔ ጽፌ በረንዳው ላይ ፎቶ አነሣኋት። ተቀመጥን፣ ጸለይን፣ የኤን ጥቅስ ልጀምር ስል፣ «ይሄንን አክስቴ ኮሪን አስተምራኛለች» አለችኝ። ቢ አልኩ፤ እሱንም። በጫካው ዙረት ላይ የሸረሪት ድር አሳየኋት፤ «አክስቴ ኮሪን ሸረሪት ትሥልልኛለች?» አለች። የሠራሁላትን የማር ብስኩት እያኘከች እንኳ ዓይኗ የፖስታው ሣጥን ላይ ነው።

ከዚያ ሚስተር ድዊት መጣ፤ ፖስታው ውስጥ የጄ ካርድ አለ። ታንሲ ገላዋን እየታጠበች ነበር። ያንን የወፍ ሥዕል አየሁት። ላባውን አንድ በአንድ ነው የሣልሽው። እኔ ድመት ስሥል ድንች ነው የሚመስለው። ልጅነታችን ትዝ አለኝ፤ አያታችን ሁለታችንንም አስቀምጣ የአንቺን ጥልፍ ብቻ ለጎረቤት ስታሳይ።

ፍሪዘሩን ከፍቼ፣ ከአምናው አጋዘን ሥጋ ሥር ከተትኩት።

«መጣ?» አለችኝ ፎጣዋን ተጠቅልላ እየሮጠች።

«ዛሬ አልመጣም የኔ ቆንጆ» አልኳት።

አንቺ አራት አሳድገሻል። ዓለም ሁሉ ያከብርሻል። እኔ አንዲት ልጅ ብትኖረኝ እሷንም በሃያ ስድስት ፊደል ከባሕር ማዶ ትወስጂያት?

ይህንን አልልክልሽም።

ሃርላን ፎርክ
ኦገስት 14 ቀን 1996

ውድ ኮሪን፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ትምህርት ጀምረናል፤ ጥሩ ነው። ካርዶችሽ ከጄ ጀምሮ አልደረሱም፤ ፖስታው ዘንድሮ ይዘገያል። ቴፑ ተበላሽቶብኝ ካሴቱን አልቀዳሁም። ጸጉሯን የምጎነጉንላት እኔ ነኝ።

ቬልዳ

ቺያንግ ራይ
ሴፕቴምበር 7 ቀን 1996

ውድ እህቴ ቬልዳ፣

ሰላሙን ያብዛልሽ። ደብዳቤሽ አጠረብኝ፤ አመመሽ እንዴ?

ካርዶቹ መጥፋታቸው አሳዝኖኛል። ጄን፣ ኬንና ኤልን እንደገና ሣልኳቸው፤ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። በዚህ ፖስታ ውስጥ አሉ። የሚቀጥሉትንም እንደ ወትሮው እልካለሁ። እንዳልተውኳት ንገሪያት። ልጅ ሲጠብቅ ቀርቶ የተረሳ እንዳይመስለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በማርች ለዕረፍት ዓመታችን አገር ቤት እንገባለን። በየጥዋቱ መጥቼ ታንሲን ላስተምርልሽ እችላለሁ። አንቺም ቤትሽን ታይበታለሽ። በቂ ልምድ አለኝ። እሺ በዪኝ።

ኮሪን

ሃርላን ፎርክ
ኦክቶበር 28 ቀን 1996

ኮሪን፣ እህቴ፣

ይህንን ደብዳቤ ሰላምታ አልጀምርበትም፤ ሰላም የለኝምና። ጨርሰሽ ካነበብሽው በኋላ ሰላምታዬን ልትቀበዪው ከፈለግሽ መጨረሻው ላይ አለ።

ካርዶችሽ አልጠፉም። ሁሉም ደርሰዋል። ደግመሽ የሣልሻቸውም ደርሰዋል። ከጄ ጀምሮ ፍሪዘሬ ውስጥ፣ ከአጋዘን ሥጋ ሥር ነበሩ። የደበቅሁት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደወጣ ልንገርሽ። «የመስክ መንገድ» ላይ ያለፈው ሳምንት ፊደል ኤል ነበር። የኤልን ጥቅስ ታውቂዋለሽ፤ ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ «ላይ ኖት» ብሎ የሚጀምረው፣ እርስ በርስ አትዋሹ የሚለው። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም አስጠናኋት። በየቀኑ ደግሞ «ማሚ፣ ካርድ መጣ?» ትለኛለች፤ «አልመጣም» እላለሁ፤ ከዚያ «በይ ጥቅስሽን ድገሚልኝ» እላታለሁ። ጉድ እኮ ነው! ትናንት እሑድ ልጆቹ በጉባኤው ፊት ጥቅስ የሚሉበት ቀን ነበር። ታንሲ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ቢጫ ቀሚሷን ጨብጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ሳታደናቅፍ አለችው። ሰዉ አጨበጨበ። እህት ኦፓል ክንዴን ቆንጥጣ «አስተማርሻት ቬልዳ! እግዜር ያውቃል፣ አስተማርሻት!» አለችኝ። ይህንን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ መሰለሽ። እጄ ግን ለማጨብጨብ አልገጠመልኝም።

ቤት ገባን። ዴል የአጋዘን ሥጋ ሾርባ አማረኝ ብሎ ወደ ፍሪዘሩ ሄደ። «እኔ አወጣዋለሁ!» ብዬ ብሮጥ የት ልድረስ። እጁ ላይ የበረዶ ጺም ያበቀሉ ዐሥራ ሦስት ፖስታዎች ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ «ቬልዳ» አለኝ፣ «ደብዳቤ እንዳይበላሽ እንዲህ እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።»

ታንሲ ከኋላው መጣች። አየቻቸው። አልጮኸችም። አንዷን ወስዳ ጉንጯ ላይ አስደግፋ «በርዷቸዋል» አለች። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ በረዶው እየቀለጠ የሣልሽበት ቀለም ትንሽ ፈሰሰ፤ የኤል ነብር አንድ ጆሮው ሄዷል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

«ማን ነው እዚያ ያስገባቸው?» አለች።

ዴል ጣሪያውን አየ። እኔ ነኝ አልኳት።

«ለምን?»

እውነቱን ነገርኳት። «አክስትሽን እንደምትጠብቂያት እኔንም እንድትጠብቂኝ ፈልጌ ነው።»

አሰበች። ግንባሯን እንዲህ ጨብጣ ነው የምታስበው። «አንቺማ እዚሁ ነሽ» አለችኝ፤ «እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቅሽ?»

ኮሪን፣ ዳኛው ፊት ያልወጣልኝ እንባ ያን ጊዜ ወጣልኝ።

ቀንቼብሽ ነው። ዛሬ አይደለም የጀመረኝ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ነው። ሰማያዊውን ሣጥን የተውኩትም ለአየር ብዬ አይደለም፤ የአንቺ ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ላስተምርልሽ አልሽ። ሌት ተቀን አሰብኩት። እምቢ ማለት ያሳፍረኛል፣ እሺ ማለት ያመኛል። ከዚህ በኋላ ራስሽ ትመጪ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ሰላምታዬ ይኸው። ካነሣሽው ያንቺ ነው።

ቬልዳ

ሃርላን ፎርክ
ዲሴምበር 2 ቀን 1996

ኮሪን፣

ሚስተር ድዊት ከአንቺ ምንም እንዳልያዘ ምሎልኛል። አምስት ሳምንት ሆነ፤ መልስሽ ገና መንገድ ላይ ሊሆን እንደሚችል ባውቅም አላስቻለኝም። አሁን የፖስታው ሣጥን ጋ የምንቆመው ሁለት ነን። ምንም በዪ፤ ስድብም ቢሆን።

ቬልዳ

ቺያንግ ራይ
ዲሴምበር 8 ቀን 1996

ቬልዳ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ መልስ ጻፍኩለት፣ ሦስቱንም ቀደድኩት። የመጀመሪያው ላይ ተቆጥቼ ነበር። ሁለተኛው ላይ ይቅር ብዬሽ ነበር፤ እሱ ከቁጣው የባሰ ኩራት ነበረው። ሦስተኛውን ግሌን አንብቦ «እውነቱን የነገረችሽን ሴት በስብከት አትመልሻት» አለኝ። ይህ አራተኛው ነው።

ስለ ፕሪሲላ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር። ሲላስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቢጫው አውቶቡስ ነው የሚወስደው። የእኔ የልጅ ልጅ! ለቤተ ክርስቲያኑ የሚላከው የጸሎት ደብዳቤያችን ላይ አላስገባሁትም።

ካርዶቹ ለእሱ ነበር የተሣሉት። ሃያ ስድስቱንም አምና በአንድ ሣጥን ላክሁለት። ፕሪሲላ በዚያው ሣጥን መልሳ ላከችልኝ፤ ከላዩ አንዲት ወረቀት። «እናቴ» ይላል፣ «ጥዋት ደረጃውን ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ እንደዚያ እንዲማር አልፈልግም።» ሰማያዊው ሣጥን፣ ልጅ ሲሳሳት «በዪ፦ እንደገና» ይላል። እኔም እላት ነበር። እስክታለቅስ እንደገና፣ ካለቀሰችም በኋላ እንደገና። ወንዶቹ ቻሉት። እሷ አልቻለችም፤ እኔም አላየሁም፤ ዓይኔ መምሪያው ላይ ነበር።

ለታንሲ በየሳምንቱ አንድ አንድ የላክሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሣጥን ሙሉ ሲላክ አንድ ጊዜ እምቢ ይባላል። ሃያ ስድስት ጊዜ እምቢ የሚል ሰው ግን የለም ብዬ ነው። አንቺ ግን ልትዪ ምንም አልቀረሽም ነበር።

ቀናሁብሽ ነው የምትዪኝ? ስለ ፍርድ ቤቱ የጻፍሽልኝ ቀን፣ «የክረምት ጫማዋን ገዝቻለሁ» ያልሽው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። አራት ልጅ ሳሳድግ አንድም ቀን እንደዚያ ያለ መልስ አፌ ላይ አልመጣም። አንቺ ጭቃ ለጭቃ ስትዞሪ፣ የልጅነትሽን ድንች የሚመስል ድመት ስትሥዪ፣ ልጅሽ ፍርሃት የማታውቅ ሆና እያደገች ነው። ሰማያዊውን ሣጥን ባለመግዛትሽ ቀንቼብሽ ነበር፤ ለዚህ ነው «እናቷ አንቺ ነሽ» ብዬ የጻፍኩት። እንደ ምርቃት እንዳልጻፍኩት ገብቶሽ ይሆናል።

እስከ ዋይ ያሉት ደርሰውሻል። ዜድ ግን የለችም፤ ሣጥኑ ሲመለስ ሃያ አምስት ነበሩ፤ መንገድ ላይ ወድቃ ይሆናል። አዲስ ሥዬ እልካለሁ። የማስተማሩን ነገር ተይው።

ሰላምታሽን አንሥቻለሁ።

ኮሪን

ሃርላን ፎርክ
ጃንዋሪ 13 ቀን 1997

ለእህቴ ለኮሪን፣ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ትኩስ ሰላምታ!

ዜድን እንዳትሥዪ። የት እንዳለች አውቃለሁ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ዴል «አመመሽ?» ብሎ ግንባሬን ዳሰሰ። በሦስተኛው ቀን የፒካን ኬክ ጋገርኩ፣ ታንሲን የመኪናውን ቀበቶ አሰርኩላት፣ ስፕሪንግፊልድ ሄድኩ። አትቆጪ። ካልፈለግሽ ምስጢር ለእኔ ባልነገርሽኝ ነበር፤ ታውቂኛለሽ እኮ።

ፕሪሲላ በሩን ከፍታ አየችኝና «እናቴ ልካሽ ነው?» አለች።

«የለም፣ ኬኩ ነው ያመጣኝ። ይከብዳል፣ ያዢልኝ» አልኳት።

ገባን። ልጆቹ አንድ ደቂቃ ተያዩ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ጠፉ። ሲላስ ጥርሱ ወልቋል፤ እንደ ግሌን በአንድ ጉንጩ ነው የሚስቀው። ደግሞ ያነባል! የአውቶቡሱን ሾፌር ስም፣ የቁርስ እህሉን ካርቶን፣ ያገኘውን ሁሉ። ታንሲ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ ትንሽ ቀናሁ፤ አንዴ የለመደ ሆድ ነው።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥ ቤት ስገባ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በማግኔት ተይዛ፣ የሜዳ አህያዋ ቆማለች። ዜድ። ጠርዟ ተቆልምሟል፤ ጣት የበዛበት ነው። ፕሪሲላ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ሁሉንም ልመልስ ነበር» አለችኝ። «እሷን ሲላስ አልለቅም አለኝ።» የካርዷን ጠርዝ በጣቷ እያቃናች «እኔም አልታገልኩትም» አለች።

«ለእናትሽ ልላክላት?» ብላት፣ «ተያት። ማየት የፈለገ መጥቶ ይያት» አለች። ስንወጣ መኪናው ድረስ ሸኝታኝ «አክስቴ ቬልዳ፣ ለእናቴ ንገሪያት...» ጀመረች፤ ከዚያ እጇን ኪሷ ከታ «ተይው፣ አትንገሪያት» አለች። እንግዲህ አልነገርኩሽም። ዜድን በፖስታ ላኪልኝ እንዳትዪኝ ደግሞ፤ የእኛን ፖስታ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ሥራችን። የማስተማሩን ነገር ተይው አልሽ፤ አልተወውም። በማርች ማክሰኞና ሐሙስ ጥዋት ነይ። ሰማያዊውን ሣጥን ግን ከበሩ ውጭ ተይው፤ «እንደገና» የሚባል ቃል በቤቴ የሚፈቀደው ለኬክ ብቻ ነው። ሥዕሉን አንቺ፣ ጭቃውን እኔ። እርሳሷን እንደፈለገች ትያዝ፤ አዎ፣ ግራኝ ናት። ካሴቱ ከዚህ ጋር አለ፤ ቴፑ ተበላሽቶ አያውቅም። መጨረሻው ላይ የምትሰሚው ማንኮራፋት የዴል ነው።

ታንሲ ከአሁኑ ቦታሽን አዘጋጅታለች። ዴል እግሩን ካሳጠረው ወንበር አጠገብ ሌላ ትንሽ ወንበር አምጥታ፣ ላዩ ላይ አንድ ጆሮ የጎደለውን ነብር አስቀምጣ፣ «አክስቴ ኮሪን እዚህ ተማሪዎቹ ጋ ትቀመጣለች፤ አስተማሪዋ ማሚ ናት» ብላ ለሚስተር ድዊት ስትነግረው ሰማሁ። እኔ አላስጠናኋትም ኮሪን፣ በሕያው አምላክ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኳት።

የምትጠብቅሽ፣
ቬልዳ